ውዱእ፣ ወንዝና የአውሬ ሰዓት፦ ከቤተሰብ ጋር በአዋሽና በባሌ ፓርኮች ድንኳን ተክሎ ስለማደር

ጥያቄ፦ «አሰላሙ ዐለይኩም። የአዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ። በጥር ወር ልጆች የግማሽ ዓመት እረፍት ሲወጡ ከባለቤቴ፣ ከሦስት ልጆቻችን (14፣ 10 እና 6 ዓመት) እና ከእናቴ ጋር በራሳችን መኪና ወደ አዋሽና ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች ሄደን ስምንት ሌሊት ለማደር አስበናል። ድንኳን አለን፤ ልምድ ግን የለንም። ሶላታችንን በወቅቱ መስገድ፣ ሐላል መብላትና ልጆቹን ከአደጋ መጠበቅ እንፈልጋለን። በግ ይዘን ሄደን እዚያው ማረድ እንችላለን? ለጥበቃ ውሻችንን ብንወስድስ? እናቴ 66 ዓመታቸው ነው፤ የደም ግፊት አለባቸው፤ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሳላይ አልመለስም ብለዋል።»

ምላሽ፦ ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። በእነዚህ ሁለት ፓርኮች ውስጥ ለብዙ ዓመታት እንግዶችን በመምራት ሥራ ላይ ስለቆየሁ፣ ጥያቄዎን ያነበብኩት እርስዎ በጻፉበት ቅደም ተከተል አይደለም። ስለ በጉም ሆነ ስለ ውሻው ከመናገሬ በፊት፣ እርስዎ ያልጠየቁትንና እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝን ነገር ላስቀድም፤ ይኸውም ለውዱእ፣ ማለትም ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ፣ የሚሆነውን ውሃ ከየት፣ በስንት ሰዓት፣ በማን እጅ ታመጣላችሁ የሚለው ነው።

በቆላ አገር አውሬው ቀኑን ከፀሐይ ተጠልሎ ይውልና ወደ ውሃ የሚወርደው ጎህ ሊቀድ ሲልና ጀንበር ስትጠልቅ ነው፤ አዳኙም የሚጠብቀው በእነዚሁ ሰዓቶች ነው። ሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ በፈጅር (የንጋት) እና በመግሪብ (የጀንበር መጥለቂያ) ሶላት ልክ በዚያው ሰዓት ኢብሪቁን (የውዱእ ማንቆርቆሪያውን) አንስቶ ውሃ ፍለጋ ይነሳል። ሌላ እንግዳ ጎህ ሲቀድ ድንኳኑ ውስጥ ተኝቶ ስለሚያሳልፈው ይህ አደጋ እምብዛም አይደርስበትም፤ ለካምፕ ጎብኚዎች በሚሰጠው የተለመደ ማሳሰቢያ ውስጥም ብዙ ጊዜ ሲጠቀስ አልሰማሁም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምለምንዎ፣ በጉዞው ሁሉ ከቤተሰብዎ አንድም ሰው ውዱእ ለማድረግ ወደ ወንዝ ዳር እንዳይወርድ ነው፤ ውሃው ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት ተቀድቶ ድንኳኑ አጠገብ ሊደርስ ይገባል።

ይህን የምለው በመላምት አይደለም። ከዓመታት በፊት በአዋሽ ፓርክ ወንዙ ዳር ካለው የካምፕ ቦታ ከአንድ ቤተሰብ ጋር አድረን፣ ከለሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አባትየው ማንንም መቀስቀስ ሳይፈልግ ኢብሪቁን ይዞ በባዶ እግሩ ወደ ውሃው ወረደ። የጠጠሩን ድምፅ ሰምቼ በባትሪ ተከተልኩት። እርሱ እጁን ሊያጥብ ባጎነበሰበት ቦታ ፊት ለፊት፣ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ውሃው ላይ ሁለት የፍም ቅንጣት የመሰሉ ቀያይ ነጥቦች ነበሩ፤ የአዞ ዓይን በባትሪ ብርሃን ሲታይ እንዲህ ነው የሚቀላው። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ እንዲመለስ ነገርኩት፤ ተመለሰ፤ ነጥቦቹም ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ውሃው ሰመጡ። አዞ ሰው በተደጋጋሚ በአንድ ሰዓት ወደ አንድ ቦታ እንደሚወርድ ካየ ቦታውን ይይዛል፤ በቀን አምስት ጊዜ ወደ አንድ ዳርቻ መመላለስ ደግሞ ልክ ይህን ማስተማር ነው።

የውሃው መጠን እንደሚፈራው ብዙ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር የታወቀ ነው፤ ሙድ በዛሬው ልኬት ከሦስት ሩብ ሊትር አይበልጥም። ስድስት ሰዎች በቀን አራት አራት ጊዜ ውዱእ ቢያደርጉ 18 ሊትር ይሆናል፤ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። አዋሽ ሞቃት ስለሆነ ለመጠጥ ሌላ አንድ ጀሪካን፣ ለማብሰያና ለእጥበት ሦስተኛ ያስፈልጋል። ሦስቱ ጀሪካኖች ምልክት ይደረግባቸው፤ ለመጠጥ የሚሆነው ከከተማ ይሞላ። የ14 ዓመቱ ልጅዎ የውሃው ኃላፊ ቢሆን ጥሩ ነው፤ በኢብሪቅ ቆጥቦ ማፍሰስን ትንንሾቹም ከእርሱ ይማራሉ።

የሶላት ሰዓቱ ራሱ ከፓርክ ጉብኝት ጋር በደንብ ይገጥማል። በጥር ወር በእነዚህ ቦታዎች ፈጅር ከለሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይገባል፤ ፀሐይ የምትወጣው ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ሰግዳችሁ፣ ሻይና ቴምር ቀምሳችሁ ስትነሱ እንስሳት በብዛት ለሚታዩበት ሰዓት የተዘጋጃችሁ ናችሁ፤ ሌላው ጎብኚ ገና ከእንቅልፉ እየተነሳ ነው። አዋሽ ውስጥ ሳላ የሚታየው በዚህ የጠዋት ብርሃን ነው፤ ረጃጅም ቀጥ ያሉ ቀንዶቹ ከሣሩ በላይ ይታያሉ፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን በግራሩ ጥላ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ዙህር (የቀትር ሶላት) ስድስት ሰዓት ተኩል፣ አስር (የከሰዓት በኋላ ሶላት) አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ መግሪብ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ፣ ዒሻ (የምሽት ሶላት) አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ናቸው። ለመንገደኛ የተፈቀደውን ማሳጠርና ማጣመር የምትጠቀሙ ከሆነ ዙህርንና አስርን ከምሳ በፊት በአንድነት ሰግዳችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ጉብኝት በዘጠኝ ሰዓት ጀምራችሁ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ካምፕ መመለስ ትችላላችሁ። በሐነፊ መዝሀብ (የሸሪዓ ሕግ አስተምህሮ) የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ዙህርን ወደ ወቅቱ መጨረሻ አዘግይቶ አስርን በወቅቱ መጀመሪያ መስገድ ይቻላል፤ ያኔ ጉብኝቱ ይበልጥ ዘግይቶ ይጀመራል ማለት ነው። እኔ የዱር መሪ እንጂ የፊቅህ (የሸሪዓ ሕግ) ሊቅ አይደለሁምና ስለ ማሳጠሩ ቀናትና ስለ ማጣመሩ ከመነሳታችሁ በፊት ከመስጂዳችሁ ኢማም ጋር ተነጋገሩ። ከእኔ ሙያ የሚመጣው ምክር ግን አንድ ነው፤ የትኛውም ሶላት ቁጥቋጦ መካከል መኪና አቁማችሁ እንድትወርዱ የሚያስገድድ ሆኖ እንዳይታቀድ።

ቂብላን፣ ማለትም ስትሰግዱ ፊታችሁን የምታዞሩበትን የመካ አቅጣጫ በተመለከተ፣ ባሌ ላይ የሚገርም ነገር አለ። መካ የምትገኘው በ39.8 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ ነው፤ የባሌ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾም በዚያው መስመር ላይ ናት፤ አዋሽም ከዚያ ብዙም አትርቅም። ስለዚህ በሁለቱም ቦታ ቂብላ በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው፤ ፀሐይ በምትወጣበት ጊዜ ቀኝ እጃችሁን ወደ እርሷ አድርጋችሁ ስትቆሙ ፊታችሁ ወደ መካ ነው ማለት ነው። በጥር ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ትንሽ ስለምታዘነብል ኮምፓስ ያዙ፤ ከመኪናው ብረት ራቅ ብላችሁ ተመልከቱት። ስልክ አውታር ባጣበት የባሌ ከፍተኛ ሜዳ በሆነው በሳነቴ አምባ ላይ ይህ ትንሽ መሣሪያ ዋጋው ይታወቃል። የሰሜን ኮከብን እናያለን ብላችሁ ግን አትተማመኑ፤ ባሌ ላይ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ሰባት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ጋራ ይሸፍነዋል።

የካምፑ አሠራር እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ። መኪናውን በአንድ ወገን፣ ሁለቱን ድንኳኖች በሌላው ወገን አቁማችሁ መስገጃውን በመካከላቸው አንጥፉ። መግሪብና ዒሻን፣ እንዲሁም ፈጅርን ሁላችሁም በአንድ ሰልፍ አትስገዱ፤ በሁለት ጀመዓ (ቡድን) ተከፍላችሁ አንዱ ሲሰግድ አንድ አዋቂ ጀርባውን ለሰጋጆቹ ሰጥቶ ባትሪ ይዞ ይቁም። ይህ ከእኔ የመጣ ፈጠራ አይደለም፤ በሱረቱ ኒሳእ 102ኛ አንቀጽ ላይ በጠላት ፊት ለሚሰግዱ የተደነገገውን ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው አንዱ ቡድን ሲሰግድ ሌላው መጠበቁ እንግዳ አይሆንበትም። የ6 ዓመቷ ልጅ ሶላት ላይ ስትሆኑ ከመስገጃው እንዳትርቅ፣ ከሰልፉ መካከል ትቁም እንጂ ከጫፍ አትቁም።

ጫማ ከድንኳን ውጭ ማውለቅ ልማዳችን ነው፤ እዚህ ግን ጅብ የቆዳ ጫማ ይዞ ይሄዳል፤ ላብ የጠጣ ቆዳ ይስበዋል። ጫማው ወደ ውስጥ ይግባ፤ ጠዋትም ከመልበሳችሁ በፊት አራግፉት፤ በአዋሽ ጊንጥ አለ። ምግብ በምንም ምክንያት ድንኳን ውስጥ አይደር፤ በመኪናው ውስጥ መስኮቱ ተዘግቶ ይደር። የአዋሽ ዝንጀሮዎች በቀን ከሁሉም ይበልጥ ያስቸግራሉ፤ አንዴ የቴምር ካርቶን ከመስገጃው አጠገብ የተወ ቤተሰብ ሁለተኛውን ረከዓ ሳይጨርስ ካርቶኑን አጥቷል። ሌሊት ለመጸዳጃ ሴቶችና ልጆች ብቻቸውን አይውጡ፤ ድንኳኑ አጠገብ ክዳን ያለው ባልዲ መጋረጃ ተጋርዶለት ቢቀመጥ ከማንኛውም ዘበኛ ይሻላል።

ስለ በጉ ቁርጥ ያለ መልሴ አይሆንም ነው። የደም ሽታ በሌሊት ጅብን ከሩቅ ይጠራል፤ አንበሳም ባለበት አካባቢ ራስን መጋበዝ ነው። የሚያስፈልግበትም ምክንያት የለም፤ በባሌና በአካባቢው አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ስለሆነ በዶዶላ፣ በሮቤና በጎባ ሐላል ሥጋ በቀላሉ ታገኛላችሁ። በእነዚህም ሆነ በመንገድ ላይ ባሉት ሌሎች ከተሞች ግን የሙስሊም ሥጋ ቤት የትኛው እንደሆነ ጠይቃችሁ ግቡ፤ አገራችን ላይ ሁለቱም ወገን የየራሱን እርድ ብቻ መብላቱ የታወቀ ስለሆነ ማንም በጥያቄው አይከፋም። አብሳይ ከቀጠራችሁ ድስትና ቢላዋ የራሳችሁ ይሁን፤ ከፓርክ ሎጅ የተዋሰ ዕቃ ምን እንደተሠራበት አታውቁም።

ለድንኳን ስንቅ ከሁሉ የምመክረው የአርሲና የባሌ እናቶች የሚያዘጋጁትን ጭኮ ነው፤ የገብስ ዱቄት በተነጠረና በተቀመመ ቅቤ ታሽቶ ሳምንታት ሳይበላሽ ይቆያል፣ አይበሰልም። ከዚያ ቋንጣ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ምስር ክክ። ባቄላና ሽምብራ ግን ቤት ተዉአቸው፤ በዲንሾ ከፍታ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ጥራጥሬ እስኪበስል ጋዙ ያልቃል። ከፓርኩ ውስጥ ማገዶ መልቀም ክልክል ነው፤ አስታውና ጥዱ ለመብቀል ረጅም ዘመን ይፈጁባቸዋል፤ በባትሪና በጋዝ ተዘጋጁ።

ውሻውንም በምንም ዓይነት አትውሰዱ። ምክንያቱን ልጆችዎ ቢሰሙት እወዳለሁ። በዓለም ላይ ከቀሩት ወደ 500 የሚጠጉ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሉም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና ከዚያም በ2003 ከቤት ውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በባሌ ፓርክ ውስጥ ባለው በወብ ሸለቆ ያሉትን ክፉኛ ጨርሷቸዋል፤ ከዚያ ጀምሮ በአካባቢው ውሾችን መከተብ ዋና ሥራ ሆኗል። ከተማ ውስጥ ጤነኛ የሚመስል ውሻ ይዞ የሚያልፈውን በሽታ ማንም በዓይኑ አያየውም። አንድ ቀይ ቀበሮ በሳነቴ አምባ ላይ ፍልፈል ሲያደባ ማየት ለልጆች የሚረሳ አይደለም፤ በአራት እግሩ ተሰብስቦ፣ ጆሮውን ወደ መሬት አዘንብሎ፣ ደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ ይቆማል፤ ከዚያ በአንድ ዝላይ ይነጥቃል። ከመኪና ሳትወርዱ በሰላሳ ሜትር ርቀት ልታዩት ትችላላችሁ፤ ሰው የማይሸሽ በመሆኑ ነው ውሻም በቀላሉ የሚያገኘው። የእረኞች ውሾች ወደ ካምፕ ከመጡ ምግብ አትስጧቸው፤ ዕቃ ከላሱ ደግሞ በሻፊዒ መዝሀብ አንደኛው በአፈር የሆነ ሰባት ጊዜ መታጠብ እንዳለበት ታውቃላችሁ፤ ለስድስት ሰው ምግብ ዕቃ ያን ያህል ውሃ ተራራ ላይ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ዕቃው ወዲያው ታጥቦ ተዘግቶ ይቀመጥ።

ዲንሾ ላይ የሚያጋጥማችሁ ሌላው ጎረቤት ከርከሮ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለማይበላው ሰውን አይፈራም፤ በካምፑ ሣር ላይ በፊት እግሮቹ ተንበርክኮ ይግጣል፤ የደጋ አጋዘኑም ከጥዱ ሥር ቆሞ ይመለከታችኋል። ብዙ ቤተሰቦች ሣሩ ላይ መስገድ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁኛል። የጠየቅኋቸው ሊቃውንት የነገሩኝ ደረቅ መሬት ላይ ንጹሕ መስገጃ ማንጠፍ በቂ እንደሆነ ነው። ጠዋት ሣሩ በጤዛ እርጥብ ስለሚሆን ከመስገጃው ሥር ውሃ የማያሳልፍ ሸራ ያዙ፤ ለቅዝቃዜውም ቢሆን ያስፈልጋችኋል።

ስለ ቅዝቃዜው በቁም ነገር ልናገር። ጥር በባሌ ሰማዩ የጠራበት፣ ሌሊቱም እጅግ የሚበርድበት ወር ነው፤ ሳነቴ ላይ ውርጭ ይወድቃል፣ በጀሪካን ያደረ ውሃ ላይ በረዶ ይጋገራል። ለፈጅር የሚሆን ውሃ ማታ ፈልቶ በፔርሙስ ይደር፤ ጠዋት ከቀዝቃዛው ጋር ተቀላቅሎ ለእናትዎና ለልጆቹ ይሰጥ። ማታ በውዱእ የለበሳችሁትን የቆዳ ኹፍ (ካልሲ መሰል መጫሚያ) ላይ መንገደኛ ሦስት ቀንና ሌሊት ማበስ እንደሚፈቀድለት አትርሱ፤ ተራራ ላይ ይህ እግርን ከመቁሰል ያድናል። ዐምር ኢብኑል ዓስ በአንድ ብርዳማ ሌሊት ለሕይወቱ ፈርቶ በተየሙም (በውሃ ፈንታ በንጹሕ አፈር በሚደረግ መንጻት) መስገዱን፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተው ፈገግ ማለታቸውን ለልጆች እነግራቸዋለሁ። ውሃ ማሞቅ እየተቻለ ግን በስንፍና ወደ ተየሙም መሄድ ሌላ ነገር ነውና ጋዙን አትሰስቱ።

እናትዎን በተመለከተ የጉዞው ቅደም ተከተል ከሁሉም በላይ ወሳኝ ነው። አዋሽ ከባሕር ጠለል በላይ 1000 ሜትር ገደማ ነው፤ ዲንሾ ከ3000 ሜትር በላይ፤ ሳነቴ 4000፤ የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4377 ሜትር። ከአዋሽ በአንድ ቀን ወደ ዲንሾ መውጣት የደም ግፊት ላለበት ሰው አይመከርም። ስለዚህ ሁለት ሌሊት አዋሽ፣ አንድ ሌሊት አሰላ ወይም ዶዶላ በሆቴል፣ ሦስት ሌሊት ዲንሾ፣ አንድ ሌሊት በሐረና ጫካ ውስጥ ባለው የካቻ ካምፕ፣ የመጨረሻዋን ሮቤ በሆቴል እደሩ። ሳነቴን በመኪና አቋርጡት እንጂ አትደሩበት፤ እናትዎ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማቸው በዚያው ሰዓት ውረዱ፤ ወደ ሐረና ሲወርዱ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ1000 ሜትር በላይ ዝቅ ትላላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማቸውን አነጋግሩ፤ መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ እንጂ በጣሪያ ላይ ዕቃ ውስጥ አይሁን። አዋሽ የወባ አገር ስለሆነ ለሁላችሁም አጎበር ያስፈልጋል፤ ለልጆቹ የመከላከያ መድኃኒት ስለመውሰድም ሐኪሙን በዚያው ጠይቁት። የመንገዱን ጸጥታ ደግሞ በየቀኑ ጠዋት ከፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ከአካባቢው አስተዳደር ጠይቃችሁ ተነሱ፤ ሐረና ውስጥ አንበሳ ስላለ ካቻ ላይ ያለ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) አትደሩ።

ሶፍ ዑመርን ከሮቤ ጠዋት ተነስታችሁ ደርሳችሁ መመለስ ትችላላችሁ፤ ቦታው ዝቅ ያለና ሞቃት ስለሆነ ለእናትዎ ከተራራው ይልቅ ይቀላል። በዋሻው ውስጥ የሚያልፈው የወይብ ወንዝ ያው ቀይ ቀበሮዎቹ ካሉበት ከወብ ሸለቆ የሚወርደው ውሃ ነው፤ ልጆቹ ተራራው ላይ ያዩትን ጅረት እዚህ ደንጊያውን ፈልፍሎ አምድ ሲያቆም ያገኙታል። ሸይኽ ሶፍ ዑመር ከተከታዮቻቸው ጋር ይሰግዱበት እንደነበር የአካባቢው አባቶች የሚናገሩለትን ሰፊውን አዳራሽ ማየት የእናትዎ ምኞት ይመስለኛል። ወደ ውስጥ እየጠለቁ ሲሄዱ ወንዙን በእግር መሻገር ግድ ስለሚሆን እርሳቸው ከመግቢያው አቅራቢያ ካለው ክፍል አይለፉ፤ የአካባቢውን መሪ ከነመብራቱ ያዙ፣ የሚያንሸራትት ጫማ አይልበሱ፣ አንድ ታዳጊ ክንዳቸውን ይያዝ። ዙህርንም እዚያው ከዋሻው ደጅ፣ ከጀሪካኑ ውሃ ውዱእ አድርጋችሁ፣ ፊታችሁን ወደ ሰሜን መልሳችሁ አብራችኋቸው ስገዱ።